ልጄ በፊልም የሠራችው አባት

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ የፊልም ማስታወቂያ ማለት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነበር። አንድ ሰውዬ ሽጉጥ ይዞ፣ አንዲት ሴት ጸጉሯን በትና፣ ከኋላቸው እሳት፣ በቃ ይኸው ነው። ሽጉጡ ይተኩስ አይተኩስ፣ ሴቲቱ እህቱ ትሁን ሚስቱ፣ ገብተሽ ነው የምታውቂ። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ወረቀቱ ይላጥና የሰውዬው ግማሽ ፊት ብቻ ይቀራል። እኔ አንድ ጊዜ እንዲያ ያለ ግማሽ ፊት አይቼ አስፈሪ ፊልም መስሎኝ ብገባ፣ የሰርግ ፊልም ሆኖ አገኘሁት። (ሳቅ) እውነቴን ነው! ስልክሽ እየቀዳ ነው? ይቅዳ፣ ይቅዳ።

አሁን ግን ትሬለር የሚሉት ነገር መጣ። እኔ ደግሞ ሹፌር ነኝ፣ ስሚኝማ፣ ዕድሜዬን የጭነት መኪና ነው የነዳሁ፤ ከጎንደር ዳባት፣ ከዳባት ደባርቅ፣ ከዚያ ሊማሊሞን ወርጄ ዛሪማ። ታዲያ ለእኔ ትሬለር ማለት ተሳቢው ነው፣ ከኋላ የሚጎተተው። ማስተዋል መጀመሪያ ቀን «አያ ደሴ፣ አዲስ ትሬለር መጣ!» ስትለኝ፣ «የማን ነው? ምን ጭኖ?» አልኳት። ሳቀች፣ ሳቀች፣ የያዘችው ብርጭቆ ሊወድቅ። ማስተዋል ማለት ይቺ የምታዪያት፣ የዚህ ሻይ ቤት ባለቤት፣ የአይከል ልጅ ናት። እና እኔ አሁንም አይገባኝም፤ የእኛ ትሬለር ከኋላ ነው የሚመጣ፣ የእነሱ ከፊት።

ፊልም መውደዱ የመጣብኝ ከመንገድ ነው። ሹፌር ባደረበት ከተማ ምን ይሠራል? መጠጥ አይስማማኝ፣ ካርታ መጫወት አላውቅ። ታዲያ ቪዲዮ ቤት እገባለሁ። ደባርቅ አንድ ነበረ፣ ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፣ አግዳሚ የተደረደረበት፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ዛሪማ ስወርድ ደግሞ ሙቀቱ ሸሚዝ ያስወልቃል። በብርድም በሙቀትም አይቻለሁ። ጎንደር ስመለስ እዚህ ፒያሳ ሲኒማው አለ። ሚስቴ የሺ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ከመኪና ወርደህ ሸራ ላይ ያለ መኪና ልታይ ትሄዳለህ?» ትለኝ ነበር። እሄዳለሁ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህማ ሥራዬ ይኸው ሆነ። ጠዋት እዚህ እመጣለሁ፣ ማስተዋል ሻዬን ታመጣለች፣ ስልኳን ታቀርባለች፣ «በል ፍረድ» ትለኛለች። በቀደም አንዱን አሳየችኝ። ሀብታም ልጅ አለ፣ የቤታቸው ደረጃ ብቻ የእኔን ቤት ያክላል፣ እና የቤት ሠራተኛዋን ይወዳታል፣ እናቱ «ሬሳዬን ተራምደህ ነው!» ትላለች፣ ሠራተኛዋ ዝናብ ላይ ቆማ ታለቅሳለች፣ ኋላ ደግሞ ቬሎ ለብሳ ብቅ ትላለች። «እንዴት ነው?» አለችኝ ማስተዋል። «ሸጋ ነው፣ ጨረስኩት» አልኳት። «ኧረ ይሄ ትሬለሩ ነው!» «ታዲያ ምን ቀረው? ቬሎውን ካሳዩኝ ወዲያ ምን ልጠብቅ ብዬ ሁለት ሰዓት ልቀመጥ?»

ደግሞ የፈረንጅ አለ፣ መኪና ከገደል ወደ ገደል የሚዘልበት። ሰዉ «ዋው!» ይላል፤ እኔ የማየው የሚነዳውን ልጅ እጅ ነው። ቁልቁለት ላይ ነው ያለው፣ ማርሽ አይቀንስ፣ መንገዱን አያይ፣ ዞሮ ከጎኑ ካለችው ሴት ጋር ያወራል። «ይሄን ሰው ሊማሊሞ ላይ አምጡልኝና አንድ ጊዜ ይውረድ፣ ክፍል ሁለት የሚባል ነገር አይኖረውም» አልኩ። (ሳቅ) ኮሜዲውስ! ባለፈው የወጣው! ትሬለሩን አይቼ እንባዬ እስኪመጣ ነው የሳቅኩ። ገብቼ ባየው፣ የሚያስቀው ሁሉ ያው ትሬለሩ ላይ ያለው ነው፤ ሌላው ሰው ከአንድ ሶፋ ተነሥቶ ሌላ ሶፋ ላይ ሲቀመጥ ነው። ይሄን ስናገር ታዲያ ሰው ይሰማል፣ እና አሁን የሆስፒታል ነርሶቹ ሳይቀሩ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራኑ ሳይቀሩ፣ ትኬት ሳይቆርጡ በፊት እዚህ ብቅ ይላሉ። «አያ ደሴ፣ ይታያል አይታይም?» አይታይም ካልኩ፣ አይታይም።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ማስተዋል «ይሄስ? አሁን ነው የወጣ» ብላ ስልኳን ከብርጭቆዬ ጋር አስደግፋ አቆመችው። ጠረጴዛው ሙሉ ነው፣ አራት አምስት ሰው አንገቱን አስግጎ ያያል። ጀመረ። አንድ የጭነት መኪና አለ፣ አሮጌ፣ የፊት መስተዋቱ ጥጉ ላይ የተሰነጠቀ። «ወይ ጉድ፣ የእኔን አትመስልም?» አልኩ፤ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ በር ላይ የቆመ ሰውዬ አለ፣ ቡናማ ሹራብ የለበሰ፣ ፊቱ በደንብ አይታይም። አንዲት ልጅ ሻንጣ ይዛ ከግቢ ልትወጣ ነው። ሰውዬው ምን ይላል መሰለሽ? «ከዚህ በር ከወጣሽ፣ አባት አለኝ ብለሽ እንዳትናገሪ!» እና በሩ ጓ! አለ። ጨለመ።

ይሄን ቃል አውቀዋለሁ፣ ልጄ። የእኔ ቃል ነው። አንድ ፊደል አልተለወጠም።

«እህ፣ አያ ደሴ?» አለች ማስተዋል።

«መብራቱ ሸጋ ነው» አልኩ።

«መብራቱ? ሌላስ?»

«ድምፁም ጥሩ ነው።»

ከጎኔ ያለው ደግሞ «ምን ዓይነት አውሬ አባት ነው እባክህ!» ይላል። ሻዬን ፉት አልኩ። በዚህ መሀል ጽሑፉ መጣ። ማስተዋል ጮክ ብላ ነው የምታነብ፤ «ድርሰትና ዝግጅት፣ ትርንጎ ደ…» አለችና ቆመች። ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው። «ሻይ ልጨምርልህ?» አለችኝ። «ጨምሪልኝ» አልኳት። አውሬ ያለው ሰውዬ ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ።

ትርንጎ ልጃችን ናት፣ ያለችን እሷ ብቻ ናት። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ትማር ነበር፣ ጎበዝ ነበረች። ሦስተኛ ዓመት ላይ አንድ ቀን መጥታ «ትቼዋለሁ፣ አዲስ አበባ ሄጄ ፊልም ነው የምሠራ» አለች። አሁን እይው፤ እኔ ነኝ እኮ በልጅነቷ እጇን ይዤ ሲኒማ ያስገባኋት! ፊልም ያስለመድኳት እኔ ነኝ! እና እኔው ጮህኩ። «ፊልም የሚታይ ነገር ነው እንጂ የሚሠራ ነገር ነው?» አልኳት። «ታዲያ የሚታየውን ማን ሠራው?» አለችኝ። መልስ ሳጣ ነው ያንን ቃል የተናገርኩ። በማግስቱ ማለዳ በአዲስ አበባ አውቶቡስ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ የምታወራ ከእናቷ ጋር ነው። በዓል ሲሆን የሺ ስልኳን ጆሮዬ ላይ ትለጥፈዋለች። «እንኳን አደረሰህ።» «እንኳን አብሮ አደረሰን።» «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ።» በቃ። ጥል አልነበረም፣ ፍቅርም አልነበረም፣ እንደ ቀበሌ ጉዳይ ያለ ነገር ነበር። ዓመታት እንዲያ ሄዱ።

ታዲያ ያን ቀን እቤት ገባሁና የሺን «አውቀሽ ነበር?» አልኳት። «ምኑን?» «ፊልሙን ነዋ!» ሽንኩርት ትልጣለች፣ ቀና አላለችም። «ጠይቃኝ ነበር» አለች። «ምን ብላ?» «አባዬ ያን ቀን የለበሰው ሹራብ ቀለሙ ምን ነበር ብላ።» «እና ነገርሻት?» «ቡናማ ነው አልኳት። ልዋሻት ነው እንዴ?»

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ፊልሙ እዚህ መጣ። እሑድ ከሰዓት ነው የሚታይ፣ ትርንጎም አብራ ትመጣለች ተባለ። እኔ አልሄድም አልኩ። ከተማው አውቋል፤ የባጃጅ ሹፌር እንኳ በመስተዋቱ ያየኛል። ማስተዋል ስልክ ማሳየት ትታ ስለ ዝናብ ታወራኛለች። ቀኑ ደረሰ፤ የሺ ነጠላዋን ለበሰችና በር ላይ ቆማ «አንተ ሰውዬ፣ ሰው ሁሉ አንተን ሊያይ ሲገባ፣ አንተ እቤት ተቀምጠህ ምን ልታይ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ደግሞ አልዋሽሽም፣ ሌላም ነገር ነበረበት፤ ፊልሙ ጥሩ ይሁን መጥፎ ይሁን ማወቅ ፈልጌ ነበር። ተመልካች ነኝ እኮ! ተነሣሁና ሄድኩ።

ኋላ ወንበር ያዝን። አዳራሹ ጢም ብሏል። መብራት ጠፋ። መጀመሪያውን ወደድኩት፣ ቶሎ ነው የሚገባ፣ አያንዛዛም። እኔን ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ እኔን አይመስልም፣ ረጅም ነው፣ መሪ አያያዙ ግን የሹፌር ነው፤ ሰው አሳይቶታል። ያ በር ላይ ያለው ቦታ ሲመጣ ታዲያ ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት ሴትዮ «እግዜር ይይልህ!» አለችው። ለሸራው ነው የምትናገር፣ እኔ ከኋላዋ ነኝ። የሺ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና በጆሮዬ «እግዜር ይይልህ ተብለሃል» አለችኝ። «ሰምቻለሁ» አልኳት።

ቀጥሎ ልጅቱ አውቶቡስ ውስጥ ናት። የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ዞራ በኋላው መስተዋት ታያለች። መንገዱ ባዶ ነው። ባዶ መንገድ። ባዶ መንገድ። ደግሞ ባዶ መንገድ። እኔ በልቤ «ኧረ ቁረጪው፣ ሰው ይሰለቻል!» እላለሁ፤ አንድ ደቂቃ ሙሉ እኮ ነው! በስንት ጊዜው ከጉሙ ውስጥ ያቺ አሮጌ መኪና ብቅ አለች። አባትየው ነው። ክላክስ አይነፋ፣ አይቀድም፣ ዝም ብሎ ይከተላል። እስከ ከተማው መውጫ፣ እስከ አዘዞ ተከተላት። አዘዞ ላይ ዳር ይዞ ቆመ፣ አውቶቡሱ ሄደ ሄደ ሄደ፣ እሱም መኪናውን አዙሮ ተመለሰ።

አዳራሹ አለቀሰልሽ። ያቺ «እግዜር ይይልህ» ያለችው ሴትዮ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን እየጠረገች «ውይ፣ ውይ፣ ለካ አንጀቱ እንዲህ ነበር!» ትላለች። ከጎኔ ያለው ሰው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አንዱ ደግሞ ከሦስት ወንበር ወዲያ ተነሥቶ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ።

እኔ ግን ልጄ፣ አዘዞ አልነበርኩም። አውቶቡሱ ወደ ደቡብ ሄደ፣ እኔ ሲሚንቶ ጭኜ ወደ ሰሜን። ጭነቱ የማግስቱ ነበር፤ እኔው ነኝ «ዛሬ ነው የምወጣ» ብዬ ያስጫንኩ፣ ስትሄድ እንዳላያት። ይሄን የሺ ታውቃለች። በጨለማው ውስጥ ፊቷን አየሁት፤ ወደ ሸራው ነው የምታይ፣ ወደ እኔ አልዞረችም።

ሲያልቅ ውጭ ቆምን። ትርንጎ መጣች። ከስታለች፣ መነጽር አድርጋለች። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ይዤ አነሣኋት።

«አባዬ፣ እንዴት ነበር?»

«መብራቱ ሸጋ ነው» አልኳት።

ምን ልበላት? ሰው ከቦናል። አንዱ ያቅፈኛል፣ «አያ ደሴ፣ እንዲህ ያለ አባት!» ይላል። «አልተከተልኳትም» አልኩት። «አይ፣ የአንተ ነገር፣ ትሕትናህ!» አለኝ። ለሁለተኛውም ነገርኩት፣ እሱም ሳቀ። ለሦስተኛው ተውኩት።

በማግስቱ ምሳ ላይ ሦስታችን ብቻ ነበርን። «እንደ ተመልካች ልናገር?» አልኳት። «ተናገር።» «ጥሩ ነው፣ ሰው ያየዋል። ያ ባዶው መንገድ ግን ረዝሟል። ግማሹን ብትቆርጪው ይሻላል።»

ጉርሻዋን ጠቅልላ እንደያዘች፣ «አባዬ፣ መኪናው ፈጠራ ነው» አለችኝ።

«እሱንማ አውቃለሁ፣ እኔ የዛሪማ መንገድ ላይ ነበርኩ።»

«መንገዱ ግን ፈጠራ አይደለም» አለች። «እኔ አንድ ደቂቃ ነው ያደረግሁት። ያን ቀን ዞሬ ያየሁት ግን እስከ አዘዞ ነው።»

የሺ ውኃ ላምጣ ብላ ተነሣች። ውኃው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«እንግዲያማ አትቁረጪው» አልኳት።

ትንሽ በላን። ኋላ «መኪናውንስ ምነው አስገባሽው ታዲያ?» አልኳት። «ካላስገባሁት ሰው አባትየውን ጠልቶት ይወጣል፤ እኔ ደግሞ እንዲጠላ አልፈለግሁም» አለች። «ደግሞም ፊልሙ እዚያ ላይ ይሞትብኝ ነበር።» ሁለተኛው እውነት ነው፤ እንደ ተመልካች አምኛለሁ፣ ይሞት ነበር።

ለመጀመሪያው ታዲያ እኔም ያን ቀን የሆነውን ነገርኳት። ለሰው ተናግሬው አላውቅም፣ ለየሺም። ያን ቀን ደባርቅን አልፌ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ስደርስ መንገዱ አልታይ አለኝ። ጉም አልነበረም፣ ፀሐይ ነው፤ ዓይኔ ነው። ያን ቁልቁለት ደግሞ ሳያዩ አይወርዱትም። ዳር ያዝኩና ሞተር አጠፋሁ። ምን ያህል እንደተቀመጥኩ እንጃ። ከኋላዬ የመጣ አንድ ሹፌር ወርዶ መስኮቴን ቆረቆረ፤ «ምነው ወንድሜ፣ ምን ሆንክ? ፍሬን ነው?» አለኝ። «አዎ፣ ፍሬን ነው» አልኩት። ፍሬኑ ምንም አልሆነም። ሰውዬው ጥሩ ሰው ነበር፣ ከመኪናው ሥር ገብቶ ፈተሸልኝ! ልብሱን አቆሸሸ! «ደህና ነው እኮ፣ ምንም አልሆነ» ብሎ ወጣ። እኔም አመስግኜው ሞተር አስነሥቼ ወረድኩ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ይሄን ስነግራት ትርንጎ እጇን ከገበታው አነሣች። «አባዬ! ምነው ይሄን ቀድመህ ብትነግረኝ! እኔ ከፈጠርኩት ይሄ አይሻልም?» ብላ ጮኸች። «ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? የጠየቅሽ የሹራብ ቀለም ነው፣ እሱንም ከእናትሽ!» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ እጄን ልታጠብ ብላ ወጣች፣ ብዙ ቆየች፣ ውኃው ሲፈስ ይሰማናል። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። የሺም «ፍሬን ነው አልከው?» ትለኛለች፣ ትስቃለች፣ በነጠላዋ ፊቷን ትሸፍናለች። እኔ እየበላሁ ነበር።

ስትሄድ በአውሮፕላን ነው። ማረፊያው ያው አዘዞ ነው፣ ታዲያ በባጃጅ ሸኘኋት። መንገድ ላይ ስለ ተዋናይ አወራን፤ የቱ ደሞዙን ያበዛል፣ የቱ ቃሉን አያጠናም፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። በሩ ላይ «ደውልልኝ» አለችኝ። ስልኬን አውጥቼ ባይ ቁጥሯ የለኝም። ይታይሽ፣ ይሄ ሁሉ ዓመት በየሺ ስልክ ነበር የማወራት። ራሷ አስገባችልኝ፣ «ትርንጎ» ብላ ጻፈች፣ ሳመችኝ፣ ገባች። አላለቀስኩም፣ እሷም አላለቀሰችም። ርቦኝ ነበር፤ አዘዞ ጥብስ በልቼ ተመለስኩ።

— አያ ደሴ፣ ያ ትሬለሩስ? አልተቀየሙባትም?

ትሬለሩ? ትሬለሩ ላይ በር ላይ ቆሜ ስጮህ ነው ያለሁ፣ ሌላ የለም። ዋሽቷል አልልም፣ ያን ብያለሁ። አልጨረሰውም እንጂ አልዋሸም። ሰዎች ደግሞ የሚያስታውሱ ፊልሙን ነው፤ እስካሁን ድረስ ፒያሳ ላይ «እስከ አዘዞ የተከተለው አባት» ነው የሚሉኝ። እምላለሁ፣ እገዘታለሁ፣ አላደረግሁትም እላለሁ፣ ማን ይሰማኛል! ማስተዋል እንኳ፣ ይቺ የምታዪያት፣ ሁሉንም ነግሬያት፣ «ቢሆንም ሄደህ ነበር» ትለኛለች። ሄጄ ነበር እንዴ? በየት በኩል?

አሁን ደግሞ ትርንጎ ሥራዋን ሳታወጣ በፊት በስልክ ትልክልኛለች። «አባዬ፣ ፍረድ።» «ረዝሟል።» «የቱ ጋ?» «ሰውዬው ደረጃ ሲወጣ። ደረጃ ስንወጣ ሁላችንም እናውቃለን።» ትቆርጠዋለች። አንዳንዱን አትቆርጠውም። ባለፈው ሳምንት ሁለተኛ ፊልሟን መጻፍ ጀመርኩ አለችኝ። «ስለ ማን ነው?» አልኳት። «ስለ እማዬ» አለች። ይሄን ለየሺ ብነግራት ክው አለች። «ስለ እኔ? እኔ ደግሞ ምን አደረግኋት?» ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ በዕድሜዋ የተናገረችውን ቃል ሁሉ አንድ በአንድ ስታስብ ትውላለች። «ያን ጊዜ ስለ ቀሚሱ የተናገርኳት ይሆን? ጎረቤት ፊት የተቆጣኋት ይሆን?» እያለች እኔን ትጠይቃለች።

— እና ምን አሏት?

ምን እላታለሁ? «ትሬለሩ እስኪወጣ ታገሺ» ነው ያልኳት። (ሳቅ)